የ12ኛ ክፍል «ልዩ ዝግጅት»፦ ከፍዬ ያየሁት

መስከረም ከጠባ ወዲህ ሦስት እናቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ትምህርት ቤቱ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው «ልዩ ዝግጅት» ያዋጣል ወይ? ለእያንዳንዳቸው በስልክ ግማሽ ሰዓት ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ትልቋ ልጄ በዚህ ፕሮግራም አልፋ በ2016 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ተፈትናለች፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ዘንድሮ እዚያው 12ኛ ገብቷል። ስለዚህ የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ክፍያው መካከለኛ የሆነ የግል ትምህርት ቤት ነው። እንደሱ ያሉ ብዙ ስለሆኑ የምጽፈው ለሌላውም ወላጅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሚቀርበው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ መደበኛው ትምህርት ካለቀ በኋላ ከ9፡30 እስከ 11፡30 ማጠናከሪያ አለ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡30። በየወሩ ሞዴል ፈተና፣ በየትምህርቱ ወርክሺት። ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ «ካምፕ» የሚሉት አለ፤ ልጆቹ ስልካቸውን አስረክበው እስከ ምሽቱ 1፡00 ግቢ ውስጥ ይቆያሉ። ለዚህ ሁሉ በወርሃዊ ክፍያው ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨመራል። ካምፑ ለብቻው ይከፈላል።

ወላጅ ለምን እንደሚከፍል በደንብ ይገባኛል። እኔም የከፈልኩት ፈርቼ ነው። በግንቦት 2008 ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ የተሰረዘበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ኩረጃውን ለማስቆም ተብሎ የ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ጥር 2015 ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ቁጥሩን ሲናገሩ ልጄ 11ኛ ክፍል ነበረች። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ነው የሰማችው። «እማዬ፣ ከ100 ልጅ 3?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፣ ፊቷ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። የእሷ ባች 5.4፣ ዓምና 8.4። እየተሻሻለ ነው፣ ግን አሁንም ከ10 ልጅ 9ኙ ከ600 ውስጥ 300 አይደርስም ማለት ነው። ትምህርት ቤቶች ይህን ፍርሃታችንን ያውቁታል። በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህንኑ ቁጥር በትልቅ ስክሪን አሳዩን፣ ወዲያው ቀጥሎ የክፍያው ፎርም ታደለ። ከጎኔ የነበሩት አባት መነጽራቸውን እንኳ ሳያወጡ ነው የፈረሙት።

ቅዳሜውን አስቀድማለሁ፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ የልጅ ጉልበት የሚፈሰው እዚያ ስለሆነ። ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ረስታው የሄደችውን ምግብ ላደርስላት ሄጄ በክፍሉ መስኮት አየሁ። ሦስት ሴክሽን አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቋል። በሦስት ሰው ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ያሉት ከሌላ ክፍል ወንበር ጎትተው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። የኬሚስትሪ መምህሩ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ አንድ ልጅ ጥያቄ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ማታ ደብተሯን ገልጬ አየሁት። ከመማሪያ መጽሐፉ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። መጽሐፉ ደግሞ እዚያው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ በጣም ያሳዘነኝ ነገር አለ። ፈተናው የ12ኛ ክፍል ይባል እንጂ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩትን ይጠይቃል። የእሷ ባች ደግሞ 8ኛ እያሉ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋባቸው። 9ኛን በፈረቃ ተማሩት፣ ዛሬ ገብተው ነገ ቤት እየዋሉ። ቀዳዳው እዚያ ነበር። ልጄ የ12ኛውን ሒሳብ የማይገባት 12ኛው ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ 9ኛ ላይ ማወቅ የነበረባትን ትሪጎኖሜትሪ በቅጡ ሳትማረው ስላለፈች ነው። ይህን ለማወቅ መስከረም ላይ አንድ መለያ ፈተና መስጠት በቂ ነበር። ማንም አልሰጠም። ሁሉም ልጅ እኩል የ12ኛውን ኖት ገለበጠ። የገባውም ያልገባውም።

አሁን ደግሞ የጠቀመንን ልናገር፣ ምክንያቱም ጠቅሞናል።

የታኅሣሥ ሞዴል ላይ ፊዚክስ ከ100 41 አመጣች። ቤት ገብታ በሯን ዘጋች፣ እራት አልበላችም። በማግስቱ የፊዚክስ መምህሯ በምሳ ሰዓት ወረቀቷን ይዛ እንድትመጣ ነገራት። አጠገቡ አስቀምጦ አንድ የተሳሳተችውን ጥያቄ መረጠ። «ይህን ለምን ሳትሽው?» አላት። «ፎርሙላውን አላውቀውም» አለችው። ከወረቀቱ ጀርባ የሠራችውን ሲያይ ፎርሙላው ትክክል ነው። ጥያቄው ስለ አንዲት መኪና እንቅስቃሴ ጉልበት ነው፤ ፍጥነቷ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተብሎ ተሰጥቷል። ልጄ 72ን እንዳለ አስገብታ በራሱ አባዝታዋለች። ወደ ሜትር በሰከንድ ብትቀይረው 20 ነበር። በተሳሳተው መንገድ የሚወጣው ቁጥር ደግሞ ከአራቱ ምርጫዎች እንደ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል፤ ስለዚህ በሙሉ ልብ ነው ያጠቆረችው። መምህሩ «ኪሎ ሜትር በሰዓት» የሚለውን በቀይ ከበበና «ፎርሙላውንማ ታውቂዋለሽ፣ ይህን ነው ያላየሽው» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ያዘች። የሳተችውን ጥያቄ ትጽፋለች፣ አጠገቡ ለምን እንደሳተች ትጽፋለች። ምክንያቱ ሦስት ብቻ ነው የሚሆነው ብሎ ነግሯታል፦ ወይ አላወቅሁትም፣ ወይ አውቀው ነበር ግን ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩትም፣ ወይ ሰዓት አለቀብኝ። መጋቢት ላይ አብረን ተቀምጠን ቆጠርነው። ከግማሽ በላዩ ሁለተኛው ነው። ልጄ ለወራት «ደደብ ነኝ» እያለች ነበር፣ ለካ የምትሳሳተው ስትቸኩል ነው። አንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ወስዶ ወረቀቷን አብሯት ስላየ ይህን አወቀች። መምህሩ ይህን ያደረገው በራሱ የምሳ ሰዓት ነው፣ በተራ እያስገባ፣ ለብዙ ልጆች። ከከፈልንበት ፕሮግራም ውስጥ የለም። የከፈልነው ለግልበጣው ነው።

ሞዴል ፈተናው ራሱ ግን ጥሩ ነው፣ እዚህ ላይ ትምህርት ቤቱን አመሰግናለሁ። እንደ እውነተኛው ነው የሚፈትኑት። ሰዓት ይይዛሉ፣ ልጆቹን አራርቀው ያስቀምጣሉ፣ እውነተኛውን የሚመስል መልስ መስጫ ወረቀት ይሰጣሉ። የማጥቆር ነገር ለወላጅ ቀላል ይመስለዋል። አንዷ የክፍሏ ልጅ የጥር ሞዴል ላይ አንድ ጥያቄ ዘልላ መልሱን ግን ሳትዘል አጠቆረች። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ቁጥር ተዛነፈ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ 20 ምናምን አመጣች። ያ ስህተት ሐምሌ ላይ ሳይሆን ጥር ላይ ስለደረሰ እናቷ እስከ ዛሬ እግዜርን ታመሰግናለች።

ሌላው የማመሰግነው የጾሙን ነገር ነው። በ2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ነው የገቡት፣ መጋቢት 2። ከክፍሉ አብዛኛው ልጅ ጾመኛ ሆነ። ልጄ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ ማጠናከሪያው 9፡30 ይጀምራል፣ በመካከል ያለችው ግማሽ ሰዓት ቦርሳ ማንጠልጠያና ሽንት ቤት ወረፋ ላይ ታልቃለች። ሁለት ቀን ራሷን አዞራት። እኔና አንዲት የሙስሊም ልጅ እናት ተያይዘን የክፍሎቹ ኃላፊ የሆነችው ዩኒት ሊደር ጋር ገባን። እኔ ልጆቹ በልተው እንዲገቡ ጠየቅሁ፣ እሷ ደግሞ የእሷ ልጅ ለማፍጠሪያ ቤት እንድትደርስ። ዩኒት ሊደሯ ሰማችን። ከሰኞው ጀምሮ ማጠናከሪያው 10 ሰዓት ተጀምሮ 11 ሰዓት እንዲያልቅ አደረጉ። ሁለት ሰዓት የነበረው አንድ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። የሚገርመው የዚያ ወር ሞዴል ውጤት አልወረደም። ሰዓቱ ሲያጥር መምህራኑም ግልበጣውን ትተው ወደ ጥያቄ ገቡ።

ይቅር የማልለው ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ደረጃ መለጠፍ ነው። ከእያንዳንዱ ሞዴል በኋላ የሁሉም ልጅ ስምና ነጥብ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ተጽፎ በሩ አጠገብ ይለጠፋል። ወላጅ፣ ዘበኛ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሁሉም ቆሞ ያነባል። «ልጆቹን ያነሳሳል» ተባልን። ከላይ ያሉትን አሥር ልጆች አነሳስቶ ይሆናል። የልጄ የቅርብ ጓደኛ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። በሦስተኛው ዝርዝር ማግስት ቀረች። ሳምንት ሙሉ ሆዴን አመመኝ እያለች አልመጣችም። ያቺ ልጅ እቤታችን መጥታ ከልጄ ጋር ታጠና ነበር፣ ሰነፍ አልነበረችም።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ለፈተናው ምዝገባ ሲደርስ ነጥባቸው ዝቅ ያለ ልጆች ወላጆች ተጠሩ። በጨዋ ቋንቋ «በግል ተፈታኝነት ቢመዘገቡ ይሻላቸዋል» ተባሉ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ከፍለው የተማሩ ናቸው። የጓደኛዋም አባት ተጠሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ጳጉሜ ላይ ውጤት ሲወጣ በሩ ላይ የሚሰቅለው ባነር ላይ የሚጽፈው መቶኛ እንዳይወርድበት ነው። ልጅቷን ግን ትምህርት ቤቷ አላምንብሽም አላት፣ ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው። ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር ስታዩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ መስከረም ላይ ስንት ልጅ ነበር፣ በትምህርት ቤቱ ስም የተፈተነውስ ስንት ነው? ቁጥሩን ለመናገር የማያመነታ ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ልጃችሁን እዚያ አስገቡ።

ወደ ቤት ልምጣ፣ ወላጅም በዚህ ዓመት ብዙ ያጠፋል። እኔ አጥፍቻለሁ። የጥር ስብሰባ ላይ «ልጆቻችሁ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት እንዳይተኙ» አሉን፣ እኔም አደረግሁት። ሻይ እያፈላሁ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንድ ሌሊት ባዮሎጂ መጽሐፏ ላይ ተደፍታ አገኘኋት፣ እስክሪብቶው ጉንጯ ላይ ሰማያዊ መስመር አስምሯል። ቀሰቀስኳት። «ተነሺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» አልኳት። ተነሳችና ያንኑ ገጽ እንደገና ከላይ ጀመረች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ ግን አያነብም። ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ 4 ሰዓት ላይ መብራት እናጠፋለን አልን። አባቷም የአጎቷን ልጅ ነጥብ እያነሳ መናገሩን እንዲተው ለመንኩት፣ ተወ። እነዚህ ሁለቱ ገንዘብ አላስወጡንም። ከቅዳሜው ግልበጣ ሁሉ ይልቅ እነዚህ ጠቅመውናል ብዬ አስባለሁ።

ስልኩን በተመለከተ መጀመሪያ ቀምቻት ነበር፣ ኋላ መለስኩላት። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎችና ወርክሺቶች የሚገኙት ቴሌግራም ላይ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ተስማማን፣ ማታ ሳሎን ያድራል።

እሑድ ከሰዓት ደግሞ 4 ኪሎ አብርሆት ትሄድ ነበር፣ ከዚያችው ጓደኛዋ ጋር። ቤተ መጻሕፍቱ ከተከፈተ ከ2014 ጀምሮ በነጻ ነው የሚገባው፣ የታክሲ ብቻ ነው ያወጣነው። አንድ እሑድ ተከትያት ሄድኩ። ወንበሩ ሁሉ በ12ኛ ክፍል ልጆች ተሞልቷል፣ ማንም አይጮህባቸው፣ ማንም ደረጃ አይለጥፍባቸው፣ ፀጥ ብለው ያነባሉ። አንድ የማላውቀው ልጅ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ልጄን የሒሳብ ጥያቄ ጠየቃት፣ በሹክሹክታ አስረዳችው። ሌላ ሰው ማስረዳት ስትጀምር የራሷም ነገር እየጠራ መጣ። ቅዳሜና እሑድ ለልጃችሁ ምን ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ እዚያ ነው።

የመሸኛውን ቀን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ተማሪ ስለሆነች ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የደረሳት፣ ፈተናው ከሐምሌ 9 እስከ 11 ነበር። ዶፍ ዝናብ ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ በፌስታል ጠቅልለን፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ቆሎ ሻንጣ ውስጥ ከተን አውቶቡሱ ጋር ቆምን። ስልክ አይዙም፣ ስለዚህ እስኪመለሱ ድምፃቸውን አንሰማም። እናቶቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። የክፍሏ ስም ጠሪ መምህርት ዣንጥላ እንኳ ሳይኖራት በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ልጅ አድሚሽን ካርዱን እያሳየ እንዲገባ ታደርጋለች። ካርዱን ቤት የረሳ አንድ ልጅ ነበር፣ ወንድሙን በሞተር አስመጥታለታለች። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት እርሳስና ላጲስ ሰጠች፣ ከራሷ ኪስ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማነው። ልጄን አገጯን ይዛ «መለኪያውን ቀይሪ» አለቻት፤ ያ የኪሎ ሜትሩ ነገር በክፍል ውስጥ መጠሪያዋ ሆኖ ነበር። ልጄ ሳቀች። እያለቀስኩ እኔም ሳቅሁ።

ስትመለስ መጀመሪያ ያለችኝ «እማዬ፣ ሒሳብ ላይ ሰዓት ተረፈኝ» ነው። 418 አመጣች።

ጓደኛዋ ደግሞ በግል ተፈትና 287 አመጣች፣ ሪሜዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት ገብታ አለፈች፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ናት። ትምህርት ቤቱ ባነር ላይ የእሷ ፎቶ የለም።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ ለሚለው፦ ለወንድሟ የሰኞ እስከ ዓርቡንና የሞዴሉን ከፍያለሁ። ለሞዴሉ ብቻ ነጥሎ መክፈል ቢቻል እሱን ብቻ እከፍል ነበር፣ ጠይቄ አይቻልም ተባልኩ። የቅዳሜውን አልከፈልኩም፣ ቅዳሜ ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት አብርሆት ይሄዳል። የካምፑን ፎርም እቤት አለኝ፣ የምፈርመው አይመስለኝም። ደረጃ መለጠፉን እንዲያቆሙ ከሌሎች ስድስት ወላጆች ጋር ሆነን ደብዳቤ አስገብተናል፣ ዳይሬክተሩ «እናየዋለን» ብለዋል። መለያ ፈተናውን እኔው ቤት ሰጠሁት፣ እህቱ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ጥያቄ መርጣ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሒሳቡ ደህና ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ ቀዳዳ አለ።

የፊዚክስ መምህሩ ግን ዓምና ለቋል፣ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ። በእሱ ቦታ ወጣት መምህር መጥቷል። ልጄ «ጎበዝ ይመስላል፣ ግን ይፈጥናል» አለኝ። ማክሰኞ የመጀመሪያው ሞዴል ወረቀት ይመለሳል፣ በምሳ ሰዓት ሄጄ ስለ ስህተት ደብተሩ ልነግረው ነው። የእህቱን ደብተር ይዤለት እሄዳለሁ።